ከፓምፕ ሥር የሚገጠም አሸዋ መለያ፦ ለአዳማ ጉድጓድ ይሆናል ወይ?

«ሳንድ ሴፓሬተር» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ሊቀርቡለት ይችላሉ። አንዱ መሬት ላይ፣ ከፓምፑ ወዲህ የሚቆመው ሾጣጣ ነው። የጠብታ መስኖ ቱቦንና ታንከርን ያድናል፤ ፓምፑን ግን አያድንም፣ አሸዋው እሱ ዘንድ የሚደርሰው ኢምፔለሩን (ውሃውን የሚገፋውን የፓምፑን ተሽከርካሪ ክፍል) ፍቆ ካለፈ በኋላ ነውና። እዚህ የምንመዝነው ሁለተኛውን ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ውሃው ሳይመጠጥ አሸዋውን የሚለየውን።

የሚሽከረከር አካል የለውም። ፓምፑና ሞተሩ የመለያው ቱቦ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ውሃው በሰያፍ ቀዳዳዎች ገብቶ ይዞራል፤ ከባዱ አሸዋ ወደ ግድግዳው ተገፍቶ ይወርዳል። ውሃው ሞተሩን ታክኮ ስለሚያልፍ ማቀዝቀዙ አይጓደልም። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ዕቃ ነው።

ጥያቄው የተለየው አሸዋ የት ይሄዳል የሚለው ነው። በነዳጅ ጉድጓድ ከመለያው ሥር ጫፋቸው የተደፈነ ቧንቧዎች ይንጠለጠላሉ፤ አሸዋው እዚያ ይጠራቀምና ፓምፑ ለጥገና ሲወጣ አብሮ ይወጣል። በውሃ ጉድጓድ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ጉድጓዱ ወለል ላይ ይቀራል። ብዙ የፓምፕ አምራቾች የሚፈቅዱት በሜትር ኩብ 50 ግራም አሸዋ ነው። በሰከንድ 3 ሊትር የሚስብ ፓምፕ በዚህ መጠን በሰዓት 540 ግራም ያገኛል፤ በቀን 8 ሰዓት ከሠራ በወር 130 ኪሎ ገደማ። 8 ኢንች ኬሲንግ (የጉድጓዱ ግድግዳ የሆነው ቧንቧ) በአንድ ሜትር የሚይዘው 50 ኪሎ ያህል ነው። መለያው ሁሉንም ከያዘ፣ ከፓምፑ በታች ያለው 10 ሜትር ባዶ ቦታ በአራት ወር ይሞላል ማለት ነው። ታችኛው ስክሪን (ውሃ የሚያስገባው ባለ ቀዳዳ ቧንቧ) እዚያ ካለ ደግሞ ይቀበራል።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት መለካት ነው። ፓምፑ በተነሳ በ1ኛው ደቂቃ፣ በ15ኛው ደቂቃና ከአንድ ሰዓት በኋላ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይሞላ፤ ውሃው ይጥለል፤ ዝቃጩ ደርቆ በወርቅ ሚዛን ይመዘን። 1 ግራም ከወጣ ያው 50 ግራም በሜትር ኩብ ነው። አሸዋው መጀመሪያ ላይ ብቻ ታይቶ ከጠራ ጥፋቱ ማጥፋትና ማብራት ማብዛት ነው፤ ፓምፑ በቆመ ቁጥር ቧንቧው ውስጥ የቀረው አሸዋ ተመልሶ ኢምፔለሩ ላይ ይቀመጣል። ሳይቋረጥ ከወጣ ግን ወይ ስክሪኑና በዙሪያው የተሞላው ጠጠር አልተጣጣሙም፣ ወይ ጉድጓዱ ሳይታጠብ ተረክበዋል፣ ወይ ከአቅሙ በላይ ይሳባል። መጀመሪያ ጌት ቫልቩን (የፍሰት መቆጣጠሪያውን) ቀነስ አድርጎ መለካት ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንዳንዴም እሱ ብቻ ይበቃል።

አዳማ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። መሬቱ እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፤ ለብሎኬት የሚውለው ፑሚስ ጉድጓድ ውስጥም ይገኛል። መለያው የሚሠራው በክብደት ልዩነት ነው። ተራ አሸዋ ከውሃ 2.6 እጥፍ ይከብዳል፤ ፑሚስ ግን ሆዱ አየር ስለሆነ ከውሃው ጋር አብሮ ይዞራል፣ አብሮም ይመጠጣል። ከ74 ማይክሮን (0.074 ሚሊ ሜትር) በታች ያለ አመድም እንዲሁ ያመልጣል። ዝቃጩን በብርጭቆ ውሃ በጥብጦ ማየት ይበቃል፤ በሰከንዶች ከወረደ መለያው ይይዘዋል፣ ከተንሳፈፈ ወይም ደፍርሶ ከቆየ ገንዘቡን ጉድጓዱን ለማሳጠብ ማዋል ይሻላል።

በሶላር ለሚሠራ ፓምፕ አንመክረውም። ጠዋትና ማታ ፍሰቱ ሲቀንስ ውሃው በበቂ ፍጥነት ስለማይዞር አሸዋው ሳይለይ ያልፋል። በጄነሬተር ወይም በመብራት ኃይል ለሚሠራ ግን በቧንቧ ኢንች ሳይሆን በሰከንድ ሊትር ተመርጦ ይገጠም። የሻጩ ወረቀት ላይ ዝቅተኛው ፍሰት ካልተጻፈ አይገዛም። ፓምፑ በወጣ ቁጥር ደግሞ የጉድጓዱ ጥልቀት ክብደት በታሰረበት ገመድ ይለካና ቆፋሪው ካስረከበው ወረቀት ጋር ይነጻጸር።