አሮጌዋ ቪትዝ ከ11 ወር በኋላ፦ ቤንዚኑ የት ይሄድ ነበር?

ቪትዟን የገዛኋት እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው። የ2001 ሥሪት፣ 1,000 ሲሲ፣ ማርሿ በእጅ። "ቪትዝ እኮ ቤንዚን አሽትታ ነው የምትሄደው" ብለውኝ ነበር። በመጀመሪያው ወር ስለካው ግን በሊትር 11 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄደች። ዛሬ 16 ደርሳለች። ቤንዚን ለመቅዳት ግማሽ ቀን ተሰልፎ ለሚውል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አለካኬ ቀላል ነው። ታንኩን ጢም አድርጌ እሞላና ኪሎ ሜትሩን እጽፋለሁ። በሚቀጥለው ስሞላ የሄድኩትን ለገባው ሊትር አካፍላለሁ። በመሀል በጄሪካን የተገዛ ቤንዚን ከገባበት ያንን ዙር እሰርዘዋለሁ፤ ልኩን ማመን አይቻልም።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ቴርሞስታቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ማሞቂያውን ስከፍት ለብ ያለ አየር ብቻ ነበር የሚወጣው። ግማሽ ሰዓት ነድቼም ያው ነው። መካኒኩ ሲፈታው ቴርሞስታቱ የለም! የቀድሞው ባለቤት "ዓባይ በረሃ ላይ እንዳትሞቅብኝ" ብሎ አስወጥቶታል። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ ጉዳቱን ግን የሚነግርህ የለም። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃውን ወደ ራዲያተር አያሳልፍም፤ 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይከፍታል። እሱ ከሌለ ሞተሩ በማርቆስ ብርድ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ይውላል። የሞተሩ ኮምፒውተር ደግሞ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ይጨምርለታል። ራዲያተሩን አሳጥቤ አዲስ ቴርሞስታት አስገባሁ። በቀጣዩ ሙሌት 13.5 አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ዓባይን ስንት ጊዜ ወርጄ ወጥቻለሁ፤ አንድም ቀን አልሞቀችም።

ሁለተኛው የፊት ግራ ፍሬን ነው። ፍሬን ሳታበዙ ጥቂት ነድታችሁ ቁሙ። እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ አራቱም ቸርኬ ጠጋ አድርጉ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ የፍሬን ሸራው ዲስኩን አልለቀቀም ማለት ነው። የእኔ የካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒኑ ደርቆ ነበር። ጽዳትና ግሪስ በቃው።

ጎማ በየሁለት ሳምንቱ፣ ጠዋት ሳይሞቅ አስለካለሁ። ቁጥሩ የሾፌሩ በር ሲከፈት እዚያው ተለጥፎ አለ። ጎሚስታው በግምት ሲሞላ ዝም አትበሉ። ቤንዚን ይቆጥባል ተብሎ የሚሸጥ ፈሳሽም ለሦስት ሙሌት ሞክሬያለሁ፤ ምንም የለውም። ያንን ብር ለካንዴላና ለአየር ማጣሪያ አውሉት።

አሁን ስለ ፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለት ስለ መውረድ። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ብዙዎቻችን ቤንዚን የቆጠብን እየመሰለን ፎሌ እናደርጋለን። እኔም አደርግ ነበር። በኢንጄክሽን መኪና (ቤንዚኑን ኮምፒውተር እየለካ በሚረጭበት) ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ማርሽ እንደገባ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሡ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚኑን ይዘጋዋል። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን ማቃጠል አለበት። ከዚያ የሚብሰው ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ መውደቁ ነው፤ ፍሬን ደግሞ ከጋለ አይዝም። ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩት ጎረቤቴ "ልጄ፣ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ" ይሉኛል። እባካችሁ፣ እዚያ ቁልቁለት ላይ ፎሌ አታድርጉ።

ድክመቷን አልደብቅም። አራት ሰው ይዛ ከድልድዩ ወደ ደጀን ስትወጣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትጨነቃለች፤ ከፍ ባለች ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ጉልበቷም አብሮ ይቀንሳል። ፒስታ መንገድ ላይም ሆዷ ይነካል። መለዋወጫዋ ግን እንደ ልብ ይገኛል።

አሁን የቀረኝ ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ነው። የሞተር መብራቷ አልፎ አልፎ እየበራ ያስቸግረኛል። ከባሕር ዳር አዝዣለሁ፤ ሲገባ ደግሜ እለካለሁ።