በራስ ስም መነገድ ወይስ ማኅበር ማቋቋም? ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋዴዎች የቀረበ ንጽጽር

በደሴ ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጥ ሰውም ሆነ በኮምቦልቻ የዱቄት ፋብሪካ ለመትከል ያሰበ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ለምዝገባ ስንት ብር እንደሚያስፈልግ ነው። እኔ ግን አማራጮቹን የማነጻጽረው ዕዳ ሲመጣ፣ ባለቤቱ ሲሞት ወይም ሸሪኮች ሲጣሉ በሚሆነው ነገር ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የደነገጋቸው ክፍሎች በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክተዋል። ከለውጦቹ ሁሉ ለትንሽ ነጋዴ የሚቀርበው፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም መቻሉ ነው። ከዚያ በፊት ቢያንስ ሁለት አባላት ያስፈልጉ ስለነበር፣ ብዙዎች ለቁጥር ማሟያ ብቻ የትዳር ጓደኛቸውን ወይም ወንድማቸውን ያስመዘግቡ ነበር። በስም ብቻ የገባ አባል በውርስ ወይም በፍቺ ጊዜ እውነተኛ ድርሻ ጠያቂ ሆኖ እንደሚመጣ ያሰበ ግን ጥቂት ነበር።

በግል የንግድ ፈቃድ መሥራት ቀላሉ መንገድ ነው፤ ነገር ግን የሱቁ ዕዳ የባለቤቱም ዕዳ ስለሆነ አበዳሪው መኖሪያ ቤቱን ሳይቀር ሊከተል ይችላል። ባለ አንድ አባል ማኅበር በ15,000 ብር ዝቅተኛ ካፒታል ይቋቋማል፤ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ስላለው፣ ማለትም በሕግ ፊት ከባለቤቱ የተለየ ሰው ሆኖ ስለሚቆጠር፣ ለዕዳው የሚጠየቀው በራሱ ንብረት ነው። ባለቤቱ ቢሞት ወይም ጉዳዩን በራሱ ለመምራት የሚያስችለውን የሕግ ችሎታ ቢያጣ የሚተካውን ሰው አስቀድሞ መሰየም ይኖርበታል። ይሁን እንጂ ከማኅበሩ ካዝና እንደ ኪሱ እየመዘዘ የልጅ ሠርግ የሚደግስ ሰው ከዚህ ከለላ ብዙ አይጠቀምም፤ የራሱንና የማኅበሩን ገንዘብ ከቀላቀለ በግሉ ሊጠየቅ ይችላልና።

ግብሩም ይለያያል። ግለሰብ ነጋዴ እንደ ገቢው መጠን እስከ 35 በመቶ በሚደርስ መጣኔ ሲከፍል፣ ማኅበር በትርፉ ላይ 30 በመቶ ይከፍላል፤ ትርፉ ለአባላት ሲከፋፈል ደግሞ ሌላ ግብር አለበት። በተጨማሪም ማኅበር የሒሳብ መዝገብ መያዝ ግዴታው ስለሆነ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ ለሚከብደው ነጋዴ የግል ፈቃዱ ሊሻለው ይችላል።

ሁለት ሆነው በመተማመን ብቻ በአንዱ ስም ፈቃድ አውጥተው የሚሠሩ ጓደኛሞች በአካባቢያችን ብዙ ናቸው። ሕጉ የእሽሙር ማኅበር ለሚለው የሚቀርብ አሠራር ነው፤ ይህ ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት የለውም፣ ለሦስተኛ ወገንም አይታወቅም። ስሙ የወጣው ሰው ለአበዳሪው ብቻውን ሲጠየቅ፣ ገንዘቡን ያዋጣው ሌላው ሰው ደግሞ በእጁ አንዳች ወረቀት ሳይኖረው ይቀራል። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች ከ2 እስከ 50 አባላት የሚይዘውን፣ በ15,000 ብር ካፒታል የሚጀምረውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እመርጥላቸዋለሁ። ድርሻን ለውጭ ሰው ለመሸጥ የሌሎቹ አባላት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ እንግዳ ሰው ሳይታሰብ ሸሪክ ሆኖ አይመጣባቸውም። በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ግን ሥራ አስኪያጁ ማን እንደሆነና አንዱ መውጣት ቢፈልግ ድርሻው በምን ዋጋ እንደሚገመት በግልጽ ያስፍሩ፤ ከሌላ ሰው ጽሑፍ መገልበጥ አይበቃም።

አክሲዮን ማኅበር ቢያንስ 5 አባላትና 50,000 ብር ካፒታል ይፈልጋል። የቤተሰብ ንግድ ላለው ሰው ጣጣው ይበዛበታል፤ ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ ለሚሻ ግን መንገዱ ይኸው ነው፣ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ቁጥጥርም ይከተለዋል።

ማኅበር የሚያቋቁም ሰው አንድ ነገር ሊያውቅ ይገባል፦ ባንክ ለአዲስ ማኅበር ሲያበድር ብዙውን ጊዜ የባለቤቱን ቤት በመያዣነት፣ ፊርማውንም በግል ዋስትና ይጠይቃል። ይህን ከፈረመ በኋላ፣ ለዚያ ብድር ያህል፣ የተወሰነው ኃላፊነት አያድነውም።