የአባት ጠመንጃ፦ እንዳለ ማስጠገን ወይስ ማስለወጥ?

በመንዝ ደጋም ሆነ በሸዋ ሮቢት ቆላ ጠመንጃ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። ምንሽሩ ሲያረጅ ሰደፉ ይሰነጠቃል፣ ቃታው ይላላል። ያኔ ባለቤቱ ወይ እንደነበረ ያስጠግነዋል፣ ወይ አሠራሩን ያስለውጠዋል።

ማስጠገኑ ብዙ አያነጋግርም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ በፈቃድ እንዲያዝ ያዛል። ሰደፉ ፈቃድ ባለው ሰው እጅ ቢተካ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውና ቤት ያለው መሣሪያ ያው ነው።

ማስለወጥ ግን ጣጣ አለው። አፈሙዝ ሲቆረጥ፣ የመለያ ቁጥር ሲፋቅ ወይም አንድ በአንድ የሚተኩሰው በተከታታይ እንዲተኩስ ሲደረግ፣ መሣሪያው ፈቃድ የወጣበት አይሆንም። «ራሴን ለመከላከል ነው» ማለት ፈቃድን አይተካም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል። ጥቃቱ ግን ሕገ ወጥ፣ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድም የማይመለስ መሆን አለበት። መከላከሉም ተመጣጣኝ ይሁን ይላል። ከልክ ካለፈ በአንቀጽ 79 ቅጣቱ ይቀላል፤ ከፍርሃት ወይም ከድንጋጤ የመጣ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጭራሽ ላይቀጣም ይችላል። የተለወጠ ጠመንጃ ይህን መብት በራሱ አያጠፋም። ሆኖም ዐቃቤ ሕግ «ለምን እንዲህ አስደረግከው?» ብሎ ሊይዝህ ይችላል። የመሣሪያው ጥፋትም ለብቻው ያስከስሳል፤ ራስህን ስትከላከል ሰው ገድለህ በግድያው ነፃ ብትወጣም እንኳ።

እኔ ያለ ማመንታት ማስጠገኑን እመርጣለሁ። እሱንም ቢሆን ብረቱ ከመነካቱ በፊት ፈቃዱን ይዞ ፖሊስ ጠይቆ ነው።