የታጁራ ጉብኝት፦ መሪው አንደኛ፣ መኪናው ግን…

ጅቡቲ ሲባል ወደቡና ሙቀቱ ብቻ የሚታወሳችሁ ከሆነ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ዙሩ። እኔ በታኅሣሥ በአንድ አስጎብኚ ድርጅት በኩል ሄድኩ። የሁለት ቀን ጉብኝት ነው፣ በላንድክሩዘር።

መሪያችን የአፋር ልጅ ነው፤ ሲያስረዳ አይሰለችም። ጉቤት የሚባለው የባሕረ ሰላጤው ጫፍ ጋ መኪናውን አስቁሞ አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ በ1971 ዓ.ም. የተፋውን ጥቁር ድንጋይ አሳየን። ዛሬም ጠርዙ ስለት ነው፣ ነጠላ ጫማ አይበግረውም። የአፍሪካና የዓረቢያ ምድር የሚላቀቁበት ስንጥቅ እዚህ ከባሕር ወጥቶ በእግር ይረገጣል።

የባሕሩ ውሃ በዚያው ስንጥቅ ከመሬት በታች ሾልኮ ወደ አሳል ሐይቅ ይወርዳል። አሳል ከባሕር ወለል በ155 ሜትር ዝቅ ይላል፤ በአፍሪካ ከዚህ የሚወርድ ቦታ የለም። ውሃው መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። ፀሐይ ትመጠዋለች፣ ጨው ይቀራል። ጨዋማነቱ የባሕርን 10 እጥፍ ገደማ ነው። ዳር ላይ ውሃው እያንከባለለ ያድበለበላቸው ሽንብራ የሚያካክሉ የጨው ፍሬዎች አሉ። እግሬን ነክሬ ወጣሁ፤ ወዲያው ደርቆ ነጭ ቅርፊት ሠራ። መታጠቢያ ውሃ ይዘው ስለመጡ ተመስገን ነው።

አሁን ቅሬታዬ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንነሣለን ብለው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ኤሲው ደግሞ አይሠራም። ታኅሣሥ ሆኖ ነው የቻልነው፤ በሞቃቱ ወቅታቸው፣ ኸምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ሲነሣና ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ቢሆን አለቀልን!

እኔን ያበሸቀኝ ግን የባከነው ሰዓት ከደይ ደን ላይ መቀነሱ ነው። ደኑ ያለበት ጎዳ ተራራ ላይ ስትወጡ ሹራብ ያስፈልጋችኋል። ከባሕሩ የሚመጣው ጉም የሚያረጥበው የጥድ ደን አለ፤ እኛ አገር ያለው ጥድ ራሱ። ብዙው ዛፍ ግን ቆሞ ደርቋል፤ መሪው የዝናቡን ማነስና ግጦሹን ይወቅሳል። ከጅቡቲ ውጭ የትም የሌለች ቆቅም እዚያ ትኖራለች። እሷን ለማየት ማለዳ ደኑ ውስጥ መገኘት ይጠይቃል። እኛ ሲመሽ ደርሰን ጠዋት ቶሎ ውረዱ ተባልን።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ፤ ሦስቱም የመሪው ናቸው። የሚያስከፍሉት በመኪና ስለሆነ ሰብሰብ ብላችሁ ሂዱ። ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል፤ በዚያ ሰሞን ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ስለሚገባ በጀልባ ወጥታችሁ ታዩታላችሁ። ብቻ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መኪናው ውስጥ ገብታችሁ ኤሲውን አስከፍቱ።