የቆየ ስቲል ጊታር ይለወጥ ወይስ እንደ ተሠራ ይቆይ? የአንድ የጎንደር መጠገኛ ቤት ግምገማ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ በሚጠገንባት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የቆዩ የኤሌክትሪክ የሙዚቃ መሣሪያዎችንም የሚያክሙ አንድ አዛውንት ባለሙያ አሉ። በሩ ላይ የተሰቀለ ስም የለም፤ ቦታውን የሚያውቁት አዝማሪ ቤት የሚሠሩ ሙዚቀኞችና ለሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራዩ ወጣቶች ናቸው። በቅርቡ አንድ የቆየ ስቲል ጊታር እርሳቸው ዘንድ አስጠግኛለሁ። ከሠሩልኝ ሥራ ይልቅ እንዳይሠራ የመከሩኝ ነገር ስለሚበልጥብኝ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ልገመግም ወድጃለሁ።

ስቲል ጊታር እንደ ተለመደው ጊታር ታቅፈው የሚመቱት መሣሪያ አይደለም። በጭን ወይም በማስቀመጫ ላይ ተጋድሞ፣ ግራ እጅ በያዘው ለስላሳ የብረት ዘንግ ክሮቹን እየዳሰሰ፣ ቀኝ እጅ እየነጠቀ ይጫወቱታል። መነሻው ሃዋይ ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ስልቱን ፈጥረው ካስፋፉት መካከል የጆሴፍ ኬኩኩ ስም በዋነኛነት ይጠቀሳል። የእኔው የአሜሪካው ሪከንባከር ኩባንያ ሞዴል ቢ የሚባለው፣ ባለ ስድስት ክርና ቤክላይት ከሚባል ጥቁር የድሮ ፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን፣ አሜሪካ የምትኖረው አክስቴ ከአንድ ጡረተኛ ሙዚቀኛ ገዝታ ያመጣችልኝ ነው።

የሞዴሉ አመጣጥ ለጥያቄያችን ስለሚጠቅም ባጭሩ ላንሣው። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ጆርጅ ቢቻም እ.ኤ.አ. በ1931 የነደፈውና በ1932 ለገበያ የቀረበው ኤሌክትሪክ ስቲል ጊታር ከአሉሚኒየም የተቀረጸ ነበር፤ ክብ ገላውና ረጅም አንገቱም «መጥበሻ» የሚል ቅጽል አሰጥተውታል። አሉሚኒየም በመድረክ መብራት ሲሞቅ ስለሚለጠጥ፣ ቅኝቱ በጨዋታ መካከል ይሸሽ ነበር። በ1935 ለሞዴል ቢ ቤክላይት የተመረጠው ሙቀትን በተሻለ ስለሚቋቋም ነው። የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ፒክአፕ ደግሞ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ባላቸው ሁለት ማግኔቶች የተሠራ ሲሆን፣ ማግኔቶቹ ክሮቹን ከላይም ከታችም ያቅፏቸዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ስፋታቸው አንድ ኢንች ተኩል ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ አንድ ኢንች ከሩብ ወርዷል። እንግዲህ አምራቹ ራሱ ገላውን ከብረት ወደ ቤክላይት፣ ማግኔቱንም ከሰፊ ወደ ጠባብ ከለወጠ፣ «እንደ ተሠራ ይቆይ» ማለት ብቻውን እንደ ሕግ ሊቆም አይችልም፤ ምክንያት ሊቀርብለት ይገባል።

መሣሪያው እጄ ሲገባ የቮልዩም መቆጣጠሪያው በተነካ ቁጥር ይንጫጫ ነበር፤ ድምፁም አልፎ አልፎ ይጠፋል። የሁለት መቃኛዎች የፕላስቲክ ራስ በእድሜ ብዛት ተፈረካክሶ ረግፏል፤ ከማጉያው ጋር ሲያያዝ ደግሞ የማያቋርጥ እምታ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ጉርምርምታ፣ ይሰማ ነበር። በሌላ ከተማ ያሳየሁት አንድ ጥገና ቤት ያለ ብዙ ምርመራ የሰጠኝ ምክር፣ ማግኔቶቹን አውጥቶ ሁለት የሽቦ ጥቅል ያለው አዲስ ፒክአፕ እንዲገጥምልኝ፣ መቃኛዎቹንም በሙሉ ቀይሮ ለአዲሶቹ ቀዳዳ በትራፓኖ እንዲያሰፋ ነበር። አንዳንድ ሙዚቀኛ ጓደኞቼም፣ መሣሪያው ለእኛ ዜማ ስላልተሠራ ክር ቢጨመርበትና ቅኝት የሚቀይር ማንሻ ቢገጠምለት ይሻላል ሲሉ አጥብቀው መክረውኛል።

ይህ የመጨረሻው ምክር በቅን ልብ የተሰጠ ቢሆንም፣ በጨዋታ ሲፈተን አይጸናም። በስቲል ጊታር ተጫዋቾች ዘንድ ሲ ሲክስ ተብሎ የሚታወቀው ቅኝት፣ ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ ነው። የትዝታ ሜጀር ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ከአምስቱ የትዝታ ድምፆች አራቱ ያለ ምንም ዘንግ በባዶ ክር ይገኛሉ ማለት ነው፤ የቀረችው ሬም ዘንጉን ከዶ ክር ላይ ሁለት መስመር ወደፊት በመግፋት ትገኛለች። እንደ አምባሰልና አንቺሆዬ ያሉት ጠባብ እርከን የሚፈልጉ ቅኝቶችም አያስቸግሩም፤ በአንገቱ ላይ ያሉት መስመሮች ለዓይን ምልክት እንጂ ጣት የሚያርፍባቸው ፍሬቶች ስላልሆኑ፣ ዘንጉ በፈለገበት ነጥብ ላይ መቆም ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የመሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በአንዲቱ የፈረስ ጭራ ክር ላይ እያንሸራተተ የሚያወጣው እንጉርጉሮ በዚህ መሣሪያ ላይ ሳይቆራረጥ ይወጣል፤ በተለመደው ጊታር ይህን ማግኘት ከባድ ነው።

ክራር የለመደ እጅ ያለው ሰው ስድስቱን ክሮች እንደ ክራር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ አድርጎ ሊቃኛቸው ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ለየቅኝቱ የሚስማማ ውፍረት ያለው ክር መምረጥ ብቻ ነው፤ ጉዳቱም ዘንጉ ጎን ለጎን ያሉ ክሮችን አንድ ላይ ሲነካ ዶና ሬ፣ ሬና ሚ እየተጋጩ የኮርድ ጨዋታው መጥበቡ ነው። ለዜማ የክራሩን፣ ለአጃቢነት ሲ ሲክስን እመርጣለሁ። በየትኛውም ቢሆን መሣሪያው አንድ ብሎን እንኳ አይጨመርበትም።

ወደ ፒያሳው ባለሙያ ልመለስ። ጊታሩን ካገላበጡ በኋላ በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር፣ የላይ ክዳኖቹን ፈትተው የውስጥ ሽቦዎቹን በእኔው ስልክ ፎቶ እንዳነሣ ማዘዝ ነበር። ከዚያ በቴስተር የፒክአፑን ጥቅል ለኩና ሽቦው እንዳልተበጠሰ አረጋገጡ፤ ይህን ሲያደርጉ የማግኔቶቹን ብሎኖች አልነኩም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ እንዲህ ያለ የድሮ ብረት ማግኔት ተለያይቶ ሲቀመጥ ጉልበቱን እንደሚያጣ አስረዱኝ፤ ይህም ትክክል ነው። ጉድለቱ የተገኘው የማጉያው ገመድ በሚሰካበት በጃኩ መበየጃ ላይ ነው፤ ብየዳው አርጅቶ ተሰንጥቋል። አሮጌውን ብየዳ አንሥተው በአዲስ በየዱት፤ የቮልዩሙን ውስጥ በማጽጃ ስፕሬይ አጥበው ደጋግመው በማዞር አንደበቱን መለሱለት። ከቶን (የድምፅ ቅላት) መቆጣጠሪያው ጋር የተያያዘው የወረቀት ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያከማች ትንሽ ዕቃ፣ መጠኑ ከተጻፈበት በጣም መራቁን ስላገኙ በአዲስ ተኩት፤ አሮጌውን ግን በትንሽ ፕላስቲክ አሽገው፣ ከየት እንደ ወጣ በላዩ ጽፈው መለሱልኝ።

ልቤን የማረከኝ የመቃኛዎቹ ሥራ ነው። ሙሉ መቃኛ ከመቀየር ይልቅ፣ በሰፈራቸው የቀንድ ዋንጫ የሚሠራ ሰው ዘንድ ልከው፣ በብረት ዘንጉ ልክ የተበሱ ሁለት ራሶች ከበሬ ቀንድ አስቀረጹ። ቀለማቸው ከቀሩት አራቱ ጠቆር ይላል፤ ሲይዟቸው ግን አይንሸራተቱም፤ ትክክለኛ ምትክ በተገኘ ቀን ደግሞ ተነቅለው ሊወጡ ይችላሉ። ፒክአፑን ስለ መቀየር ሳነሣባቸው ያሉኝ አጭር ነበር፦ «ልጄ፣ የምትመልሰውን ለውጥ፤ የማትመልሰውን ተወው።»

እኔም ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። ክር፣ ካፓሲተር፣ የመቃኛ ራስ፣ የጃክ ብየዳ ነገ ወደ ነበሩበት ሊመለሱ የሚችሉ ናቸው። በቤክላይት ላይ የተበሳ ቀዳዳ ግን አይመለስም፤ ቤክላይት ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ስለሆነ በትራፓኖ ሲነካ መሰንጠቅ ይቀናዋል፤ አንዴ ከተሰነጠቀም እንደ አሉሚኒየም ቀልጦ አይቀረጽም። የፋሲል ግቢን ጥገና ታሪክ የሚያውቅ የጎንደር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተደፈነውን አስወግዶ በኖራ ለመተካት ኋላ ብዙ ልፋት ጠይቋል። ስለ ዋጋ የሚጨነቅ ባለቤትም ቢሆን፣ ፒክአፑ የተለወጠ ወይም ገላው የተቆፈረ መሣሪያ በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው በእጅጉ እንደሚወርድ ማወቅ አለበት። ለእኔ የሚበልጠው ግን ድምፁ ነው፤ በዚህ ማግኔት ውስጥ የሚያልፈው ክር ወፍራምና የሚያለቅስ ድምፅ ስላለው፣ አዲሱ ፒክአፕ ከገባ በኋላ የሚቀረው የቆየ ገላ ብቻ ነው።

ቀድሞ ተቆፍሮ፣ ተቀብቶ ወይም ፒክአፑ ወጥቶ የተገኘ መሣሪያ ግን በሌላ ዓይን መታየት አለበት። የሚጠበቅለት ነገር ስለሌለው ለተጫዋቹ እንደሚመች ቢለወጥ አልቃወምም። ለውጥ የሚያምረው ሙዚቀኛም ሌላ መንገድ አለው፦ ስቲል ጊታር ፍሬት ስለማይፈልግ፣ ጎንደር ያለ ጎበዝ አናጢ ከደረቀ የዋንዛ ሳንቃ አንድ ቀጥ ያለ ገላ ሊያወጣለት ይችላል። ከወዲያኛው ድጋፍ እስከ ወዲህኛው ያለው የክር ርዝመት 57 ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን፤ ርካሽ ፒክአፕና የተለመደ የጊታር መቃኛ ይገጠምበት። ስምንት ክርም ይሁን ማንሻ በዚያ ላይ ይሞከር።

ሳይለወጥ ሊታለፍ የማይገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የማጉያው ኤሌክትሪክ ነው። ከአሜሪካ የሚመጡ የቆዩ ማጉያዎች ለ120 ቮልት የተሠሩ ሲሆኑ የእኛው መስመር 220 ቮልት ነው፤ ስለዚህ ቮልቴጅ ቀናሽ ትራንስፎርመር ግድ ነው። ብዙዎቹ ባለ ሁለት እግር ሶኬት ስላላቸው የመሬት ሽቦ የላቸውም። የስቲል ጊታር ተጫዋች በሁለት እጁ ክርና ብረት ይዞ የሚቀመጥ ሰው ነውና፣ የማጉያው ሽቦ ወደ ባለ ሦስት መስመር መቀየር አለበት፤ እዚህ ላይ «እንደ ተሠራ ይቆይ» የሚል ክርክር አልቀበልም። ባለሙያው ይህንንም አስተካክለውልኛል፤ የመሬት ሽቦው ከተያያዘ በኋላ እምታው በአብዛኛው ጠፍቷል። የቀረው ጥቂት እምታ የባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ጠባይ ስለሆነ፣ ጊታሩን ከማጉያው ትንሽ አርቆና አቅጣጫውን አዙሮ መቀመጥ ይቀንሰዋል።

አገልግሎቱ ጉድለት የለውም አልልም። በቀጠሮው ቀን ሥራው አልደረሰም፤ መብራት መጥፋቱ የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፣ አስቀድሞ ደውሎ ማሳወቅ ይቻል ነበር። ደረሰኝም ሆነ የጽሑፍ ዋስትና አይሰጥም። በክሮም የተለበጠውን ክፍል «ላብራልህ» ብለው በሻካራ ማጽጃ ሊያሹት ሲሉ ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ፤ ስስ የሆነ የቆየ ክሮም ሲታሽ ስለሚላጥ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ይህን ቀድሞ ቢያስታውሳቸው ጥሩ ነው። የጠየቁኝ ዋጋ ግን ከአንድ ጥቅል ጥሩ የጊታር ክር ዋጋ ብዙም የራቀ አልነበረም፤ ለዚህ ጥንቃቄ አነስተኛ ነው እላለሁ።

ለስቲል ጊታር የሚሆን ክር ቤቱ ውስጥ አይገኝምና ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ በነጠላ የሚሸጥ የኤሌክትሪክ ጊታር ክር እያመረጡ መግዛትም ይቻላል። ረፋድ ላይ መሄድ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ የሠርግ ማጉያዎች ስለሚበዙ እንዲህ ላለ ረቂቅ ሥራ ጊዜ አያገኙም። መሣሪያውን ሲያስረክቡ ደግሞ የሚወጣ አሮጌ ዕቃ ሁሉ ተጠቅልሎ እንዲመለስ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል፤ እርሳቸው ሳይነገራቸውም ያደርጉታል፤ ረዳታቸው ግን ወጣት ስለሆነ ሊጥለው ይችላል።