የኖርዌይ ፒኤችዲ፦ 3 ዓመት ወይስ 4?

ኖርዌይ ውስጥ አብዛኛው የፒኤችዲ ተማሪ ደመወዝተኛ ነው። ቦታው እንደማንኛውም ሥራ ጆብኖርጌ በተባለው ድረ ገጽ ይወጣል። ማስታወቂያው ላይ ታዲያ 3 ወይም 4 ዓመት የሚል ታያላችሁ።

በ3 ዓመቱ ጊዜያችሁ በሙሉ የምርምር ነው፤ የ30 ክሬዲት ኮርሱም እዚያው ውስጥ ነው። ደስ ይላል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ያለው ማሽን ተበላሽቶ ሁለት ወር እስኪቆም ድረስ።

በ4 ዓመቱ ሩቡ ጊዜ የግዴታ ሥራ ነው፦ የተማሪዎችን ላብራቶሪ መምራት፣ መልመጃ ማረም። ሲሰላ ለምርምር የሚተርፈው ያው 3 ዓመት ነው። ደመወዙ ግን አንድ ዓመት ይጨምራል፤ ማስተማሩም ሲቪ ላይ ያምራል። እኔ ብሆን 4ቱን ነበር የምይዘው። የእርማት ክምር ገና ሲያየው የሚያንገሸግሸው ሰው ግን 3ቱን ይሞክር።