አዲስ መጽሐፍ መግዛት ያስተወኝ ኢ-ሪደር፦ አማርኛው ግን አንገበገበኝ

ከክረምቱ በፊት ስድስት ኢንች ስክሪን ያለው ኢ-ሪደር፣ ማለትም የዲጂታል መጽሐፍ ማንበቢያ ዕቃ፣ ገዛሁ። የመጽሐፍ ዋጋ አልቀመስ ብሏል፤ እኔ ደግሞ ማንበብ አልተውም። ስለዚህ አዲስ መግዛት አቁሜ ነፃውንና ያገለገለውን ብቻ ላነብ ወሰንኩ። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ የማነበውም በዝቷል። ባትሪው ሳምንታት ይቆያል፤ መብራት ቢጠፋም የራሱ ብርሃን አለው። ይሄን የትም ስለምታገኙት ልለፈው።

እኔን ያንገበገበኝ አማርኛው ነው።

ሻጩ “ሁሉንም ፋይል ይከፍታል” ነበር ያለኝ። ወንድሜ፣ መክፈትና ማስነበብ አንድ አይደለም! የመጀመሪያውን የአማርኛ ኢፐብ (የዲጂታል መጽሐፍ ፋይል ዓይነት ነው) ስከፍት ገጹ ከላይ እስከ ታች ሣጥን ሣጥን ሆኖ መጣ። አራት ነጥቧ እንኳን ሣጥን ሆናለች። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላትን ለኮምፒውተር በሚመዘግበው መለኪያ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ተራ ስልክ እንኳ አሳምሮ የሚያሳየውን ፊደል፣ ለንባብ ብቻ ተብሎ የተሠራ ዕቃ እንዴት አያውቀውም? “የአማርኛ ገበያ ትንሽ ነው” ትሉኝ ይሆናል። እኔ የጠየቅኩት አንድ የፎንት (የፊደል ቅርጽ) ፋይል ነው፤ እሱም በነፃ የሚገኝ።

መፍትሔውን ራሴ ፈለግኩ። ዕቃውን ኮምፒውተር ላይ ሰካሁ፤ “ፎንትስ” የሚል ፎልደር ውስጥ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ጨመርኩና ከቅንብሩ መረጥኩት። ሣጥኖቹ ጠፉ። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክም ይሠራል፤ እኔ ግን አቢሲኒካን ወደድኩት፣ የድሮ ማተሚያ ቤት ፊደል ይመስላል። የመጻሕፍቱ ዝርዝር ላይ ግን ርዕሱ ዛሬም ሣጥን ነው። ስለዚህ የአማርኛ መጽሐፎቼን ርዕስ በላቲን ፊደል ጽፌ አስቀምጣለሁ፤ ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

ኢፐቡስ በዚህ ተገላገልኩ። የባሰው ስካኑ ነው። የድሮ የአማርኛ መጽሐፍ ዲጂታል ሆኖ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ የገጽ ፎቶ ነው፤ ፎቶ ላይ ደግሞ ፎንት መቀየር የለም። ሙሉው ገጽ ስድስት ኢንች ላይ ሲገባ ፊደሉ ይደቃል፣ “ለ”ን ከ“ሉ” ለመለየት ዓይን ይጨናበሳል። ዙም ስታደርጉት መስመሩ ከመሃል ይቆረጣል። ወደ ቀኝ ትገፋላችሁ፣ ወደ ግራ ትመልሳላችሁ፣ በገፋችሁ ቁጥር ስክሪኑ ጥቁር ብልጭ ይላል፣ አንድ አንቀጽ ሳይጨርሱ ሐሳቡ ይበተናል።

እዚህ ላይ የደረሰልኝ ኬኦ-ሪደር የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። ስካኑ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቃል ለይቶ ቆርጦ ለትንሽ ስክሪን መልሶ ይደረድረዋል። ገጹ ጥርት ብሎ ከተነሳ ግሩም ነው፤ ጠማማ ከሆነ መስመሩን ያዘበራርቀዋል። የብላቴን ጌታ ኅሩይን ዘመን መጻሕፍት የማነበው በዚህ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት የሚጠበቀው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ስለሆነ፣ እሳቸውን ለመሰሉት ጊዜው አልፏል።

ቴሌግራም ላይ የሚዘዋወረውን፣ ደራሲው በሕይወት ያለውን መጽሐፍ ግን አልጭንም። አዲስ አልገዛም ማለት የደራሲን ጉሮሮ እዘጋለሁ ማለት አይደለም። የእነዚህን ደራሲያን መጻሕፍት ለገሀርና ብሔራዊ አካባቢ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እፈልጋለሁ፣ ካጣሁ አብርሆት ወይም ወመዘክር ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ አነባለሁ።

ታዲያ ልግዛ ወይ? ንባባችሁ እንግሊዝኛ ከሆነ አታመንቱ። ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያለው ነፃ መጽሐፍ ብቻ ዕድሜ ልክ አንብባችሁ አትጨርሱትም። ንባባችሁ እንደኔ አማርኛ ከሆነ፣ በተለይ ስካን ከበዛበት፣ አቅም ካለ አሥር ኢንች ገደማ ያለውን ፈልጉ። እኔ የኔን አልሸጠውም፤ ታግዬ አማርኛ አስነብቤዋለሁ። ሱቅ ስትሄዱ ግን አንድ የአማርኛ ኢፐብና አንድ ስካን ይዛችሁ ሂዱ። ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ሻጩ ራሱ ይክፈተውና አንድ ገጽ አንብቡ። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።